የተዋችሁትን ጽሕፈት እንደገና ለመጀመር፦ ከአንድ ደብዳቤ ተነሱ

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ነው። ጠዋት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ለሥራ ስወርድ መናኸሪያው በር ላይ ቆሎ ገዛሁ። ሴትዮዋ ከደብተር የተገነጠለ ሉክ ጠቅልላ፣ ታቹን ጠምዘዝ አድርጋ፣ ሞልታ ሰጠችኝ። ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ቆሎው አለቀና ወረቀቱን ፈታሁት። የልጅ ድርሰት ነው። ርዕሱ «ቤታችን» ይላል። «ሁለት ፍየሎች አሉን። አንዷ ታስነጥሳለች።» ከግርጌው በቀይ እስክርቢቶ 6 ከ10 ተሰጥቶታል።

ኮምቦልቻ እስክንደርስ ያቺን የምታስነጥስ ፍየል ደጋግሜ አነበብኳት። ልጁ ስለ ፍየል ጥቅም፣ ስለ ወተቷ፣ ስለ ቆዳዋ ሊጽፍ ይችል ነበር። እሱ ግን ያየውን ጻፈ። እኔም በሱ ዕድሜ እንደዚያ እጽፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ30 ዓመት በላይ ከቃለ ጉባኤና ከወርሃዊ ሪፖርት ውጪ አንድ መስመር አልጻፍኩም። የዚያን ዕለት ማታ ጀመርኩ። አሁን ዓመት አልፎኛል፣ ሦስት ደብተር ሞልቻለሁ።

ይህን የምጽፈው ልጅ ሆናችሁ መጻፍ ትወዱ ለነበራችሁ፣ ከዚያ ትምህርቱ፣ ሥራው፣ ትዳሩ፣ ልጁ፣ የኑሮው ነገር ተደራርቦ ለተዋችሁት ነው። 40 ዓመት ይሁናችሁ 70 ለውጥ የለውም። መጽሐፍ ስለማሳተም አላወራም። ደብተር ገልጦ እንደገና ስለመጀመር ብቻ ነው የማወራው፤ እኔ ያደረግኩትን በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ።

1. ትወዱት የነበረውን ነገር በስሙ ጥሩት

«ልጅ ሆኜ መጻፍ እወድ ነበር» ማለት ብቻውን አይረዳም። ምን ነበር የምትጽፉት? አንዱ ሚኒ ሚዲያ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል የሚነበብ ግጥም ነበር የሚጽፈው። ሌላዋ ከሬዲዮ የሰማችውን ዘፈን በፍጥነት እየገለበጠች፣ ያመለጣትን ስንኝ ከራሷ እየሞላች ነበር የምትውለው። ክፍል ሲጨርሱ የሚዞረው ኦቶግራፍ ላይ ከሁሉም ረዘም አድርጎ የሚጽፍ ልጅ ነበር። የሂሳብ ደብተሩን ከኋላ ገልብጦ ተረት የሚጽፍም ነበር። እነዚህ የተለያዩ ፍቅሮች ናቸው። ግጥም ይወድ የነበረ ሰው ተመልሶ ልብ ወለድ ልጻፍ ብሎ ቢቀመጥ ቶሎ ይደክመዋል፤ የሚናፍቀው እሱን ስላልሆነ።

ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጻፉ። ምን እጽፍ ነበር? የት ቁጭ ብዬ? ማን ያነበው ነበር? ሦስተኛውን ጥያቄ አትዝለሉት።

የኔ መልስ ደብዳቤ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ በሰፈራችን ልጇ ወታደር ቤት ያልሄደባት እናት ጥቂት ነበረች። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀምሮ ብዙ እናቶች ፊደል ቆጥረው ነበር፤ ግን ስም መፈረምና ረጅም ደብዳቤ መጻፍ ለየቅል ነው። እና ከእኛ ቤት በታች ያሉ አንድ እናት ቅዳሜ ቅዳሜ «ና እስቲ ጣፍልኝ» ብለው ይጠሩኛል። በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ፣ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አደርጋለሁ፣ እሳቸው ቡና እየቆሉ ይነግሩኛል።

«ላሚቱ ወለደች በለው። ወንድ ጥጃ ነው በለው። ጉንፋን ይዞኝ ነበር... አይ፣ እሱን ተወው፣ ያስባል። ግድግዳው የዘመመበትን አስደገፍኩት በለው። የእህትህ ልጅ እየሄደ ነው፣ ግን ወደ ኋላ ነው የሚሄደው በለው።»

ከዚያ «በል አሁን አንብብልኝ» ይላሉ። የቡናውን ምጣድ ያወርዳሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ጥጃዋን ደግመህ አንብባት» ይላሉ። አንዳንዴ «እንዲህ አላልኩህም» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው፣ እኔ በትምህርት ቤት ቋንቋ አሳምሬዋለሁ። አጠፋና እሳቸው ያሉትን እጽፋለሁ።

ሁሉም ነገር እዚያ ነበር። የሚጠብቅ ሰው፣ ሊነገረው የሚገባ ነገር፣ የሚተው ነገር፣ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ማረም። አሁን ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ ከዚያች በርጩማ የመጣ ነው።

2. ተራ ደብተር ግዙ

ቆዳ የተለበጠ፣ ክር ያለው፣ ውድ ማስታወሻ አትግዙ። ስጦታ ካላችሁም ለጊዜው አስቀምጡት። ውድ ወረቀት ላይ ሰው መሳሳት ይፈራል። ልጆቻችሁ የሚማሩበት ባለ 50 ሉክ ደብተር ይበቃል። ሽፋኑ ጀርባ ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ ካለው ደግሞ በጣም ጥሩ፤ እጃችሁ ያስታውሰዋል። ሁለት ተመሳሳይ እስክርቢቶ ያዙ፣ አንዱ መሀል ላይ ይደርቃል።

በእጅ ጀምሩ። በስልክ መጻፍ ይቻላል፣ በኋላ እመጣበታለሁ። የመጀመሪያውን ወር ግን በእጅ አድርጉት፤ ስልኩ ላይ አንድ መልእክት ይመጣል፣ እሱን አይታችሁ ስትመለሱ ጥጃዋ ሄዳለች።

የመጀመሪያዋን ገጽ ባዶ ተዉአት። ከሁለተኛው ጀምሩ። ይህን ያስተማረችኝ ኮምቦልቻ አብራኝ የምትሠራ ሴት ናት። የመጀመሪያ ገጽ ያስጨንቃል፣ ሰው ሁሉ ሊያየው ይመስላል። በየቀኑ ስትጽፉ ቀኑንና ቦታውን ከላይ አስቀምጡ። «ደሴ፣ የካቲት 12» ብላችሁ መጀመር እጁን ያፍታታዋል፣ ገጹም ባዶ አይሆንም።

3. 15 ደቂቃ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት

ሰፊ ጊዜ ሳገኝ እጽፋለሁ ያለ ሰው አይጽፍም። እኔ ራሴ ጡረታ ስወጣ እያልኩ ዓመታት አሳልፌያለሁ። 15 ደቂቃ ያዙ። አንድ ገጽ አይሞላም፣ ችግር የለውም።

ሰዓቱን እንደ ቤታችሁ ምረጡ። እኔ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው የምጽፈው። ከመስጊዱ አዛን ይሰማል፣ ከቤተ ክርስቲያኑም ድምፅ ማጉያ ይሰማል፣ ከዚያ ትንሽ ዝም ይላል፤ ያቺ ዝምታ የኔ ናት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ በዚያ ሰዓት ብርዱ አይቻልም። ጋቢ ደርቡ፣ ቀኝ እጃችሁን ብቻ አውጡ። ኮምቦልቻ ያላችሁ ይህ አይመለከታችሁም፣ እናንተ ደግሞ ቀትሩን ሽሹ።

ቤቱ ሰው የሞላበት ከሆነስ? ብዙዎቻችን ብቻችንን የምንሆንበት ክፍል የለንም። ቡና ሲፈላ ለማምለጥ አትሞክሩ፣ ትታሙበታላችሁ። ይልቅ ለቤተሰቡ ንገሩ። «ከአቦል በፊት 15 ደቂቃ ደብተሬ ላይ ነኝ» በሉ። የመጀመሪያ ሳምንት ይስቃሉ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ልጄ «አባዬ፣ ዛሬ አልጻፍክም እኮ» አለችኝ።

4. ለአንድ ሰው ጻፉ

ጊዜ ካጠራችሁ ሌላውን ትታችሁ ይህን ብቻ ውሰዱ።

ያን ዕለት ማታ ከቆሎው ወረቀት በኋላ ስቀመጥ የጻፍኩት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ይኸውላችሁ፦ «የልጅነት ሕይወቴን ከማስታወስ አኳያ የተለያዩ ትዝታዎች ያሉኝ ሲሆን ከእነዚህም መካከል ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።» አነበብኩትና ደነገጥኩ። የወር ሪፖርት ነው። 30 ዓመት የቢሮ አማርኛ ስጽፍ ኖሬ እጄ ሌላ መንገድ ረስቷል። «ከማድረግ አኳያ»፣ «በመሆኑም»፣ «ከላይ ለመግለጽ እንደተሞከረው»፤ እነዚህ ቃላት ሥራ ቦታ ሥራቸው ነው፣ ቤት ድረስ ሲከተሉ ግን ያፍናሉ። መምህራን፣ የባንክ ሠራተኞች፣ የጤና ባለሙያዎች፣ ሁላችሁም ይገጥማችኋል።

መድኃኒቱን ያገኘሁት ያቺን እናት ሳስታውስ ነው። እሳቸው «ከብቶችን በተመለከተ» ብለው አያውቁም። ለልጃቸው ነበር የሚናገሩት። እኔም በሁለተኛው ቀን አዲስ ገጽ ላይ «ይድረስ ለእህቴ» ብዬ ጀመርኩ። እህቴ አዲስ አበባ ናት። እንዲህ ወጣ፦

«ትዝ ይልሻል፣ እናታችን ጠዋት ጠዋት የትምህርት ቤት ሹራባችንን ከሰል ላይ እየያዘች ታሞቅልን ነበር? አንድ ቀን ከጎረቤት ጋር እያወራች የኔ እጅጌ ተቃጠለ። በሌላ ቀለም ክር ሠራችው። ክፍል ውስጥ እጄን ማውጣት አፍሬ መልስ እያወቅኩ ዝም ብዬ ዋልኩ።»

እጁ ያው ነው፣ ጭንቅላቱም ያው ነው። የተለወጠው ማን እንደሚሰማኝ ማወቄ ብቻ ነው። ለእህቴ ስጽፍ ማስረዳት የማያስፈልገኝን አውቃለሁ፣ የምትስቅበትን አውቃለሁ፣ ብዋሽ እንደምትይዘኝም አውቃለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ምረጡ፣ በሕይወት ያለ ወይም ያለፈ። ስሙን ከገጹ ራስ ላይ ጻፉ። ለሁለት ሳምንት ሰውየውን አትቀይሩት። እንደ ድሮው ደብዳቤ «ለጤናህ እንደምን አለህልኝ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብላችሁ ብትጀምሩም ደስ ይላል፣ ያ ሰላምታ ራሱ በሩን ይከፍታል። ከዚያ እሱ የማያውቀውን ወይም የረሳውን አንድ ነገር ንገሩት። አንድ ብቻ። በኋላ ወደ ታሪክም ሆነ ወደ ሌላ ነገር መቀየር ከፈለጋችሁ ስሙን ከላይ ትሰርዙታላችሁ፣ ድምፁ ግን ይቀራል።

5. ስለ ምን? ስለምታስነጥሰው ፍየል

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል። «ምን የሚጻፍ ነገር አለኝ?» ይላል። ወይም ደግሞ ትልቁን ያነሳል፣ ሕይወቴን በሙሉ ከተወለድኩበት ቀን ጀምሮ ልጻፍ ይላል፣ ሦስተኛ ክፍል ሳይደርስ ይደክመዋል።

የደሴውን አይጠየፍ አዳራሽ ውሰዱ። ንጉሥ ሚካኤል እንዳሠሩት፣ ስሙ አዳራሹ ሰው ሳይንቅ ሁሉን የሚያበላ መሆኑን እንደሚናገር ሁላችንም እናውቃለን። ያንን ሌሎች ጽፈውታል። እናንተ መጀመሪያ የሄዳችሁበትን ቀን ጻፉ። ከማን ጋር ነበራችሁ? ምን ጫማ ነበር ያደረጋችሁት? እኔ የማስታውሰው አባቴ ደጁ ላይ ባርኔጣውን ማውለቁን ነው። አዳራሹ ውስጥ ማንም አልነበረም። ለማን እንዳወለቀ አልጠየቅኩትም። ይህን ጻፍኩ፣ ግማሽ ገጽ ሆነ፣ በቃ።

የምሠራባቸው ልምምዶች እነዚህ ናቸው። በቀን አንዱን ብቻ ውሰዱ።

አንድ ዕቃ መርጣችሁ አሥር መስመር ጻፉ፤ ግን «ቆንጆ»፣ «አሪፍ»፣ «ትዝታ» እና «በጣም» የሚሉትን ቃላት አትጠቀሙ። መጀመሪያ ያናድዳል። ከዚያ ዓይን ይከፍታል።

ሰኞ ገበያ ሂዱና የሰማችሁትን ንግግር ሦስት መስመር ያዙ። ሰዎቹን አትግለጹ፣ ያሉትን ብቻ ጻፉ። ወሎ አፉ ጣፋጭ ነው፣ እናንተ ማጣፈጥ አይጠበቅባችሁም። «አብሽር» የሚለውን ቃል ብቻ በአንድ ቀን ስንቴና ለስንት ዓይነት ነገር እንደሚባል ብትቆጥሩ ገጽ ይሞላላችኋል፤ ለታመመው አብሽር፣ ለከሰረው አብሽር፣ ታክሲ ላመለጠውም አብሽር።

ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ጉም ከቤታችሁ በር ላይ ሆናችሁ 15 ደቂቃ ተመልከቱና መጀመሪያ የጠፋውን፣ ቀጥሎ የጠፋውን፣ በቅደም ተከተል ጻፉ። የማን ጣሪያ፣ የትኛው ባሕር ዛፍ፣ የትኛው የመብራት እንጨት።

ግጥም ትወዱ የነበራችሁ ደግሞ በጣታችሁ ቁጠሩ። የወል ቤት የሚባለው የግጥም ዓይነት ስንኙ በሁለት ይከፈላል፣ በእያንዳንዱ ወገን ስድስት ቀለም፣ ማለትም ስድስት የድምፅ ምት፣ አለው። ሕፃን እያለን ሳናውቀው እንገጥምበት ነበር፣ ምክንያቱም ለጆሯችን አዲስ አይደለም። አምባሰልና ባቲ የቅኝት ስም ከመሆናቸው በፊት የአገራችን ስም ናቸው። ከሁለተኛው ደብተሬ አንድ ልስጣችሁ፦

ሐረጎ ጉም ወርዶ መንገዱን ሸፈነው፣
እናቴን ብጠራት የመለሰው ማን ነው?

ድንቅ አይደለም። ግን ስድስትና ስድስት ነው፣ ሚኒባስ ውስጥ ነው የጨረስኩት፣ የዚያን ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ምንም የማይመጣበት ቀን ይኖራል። ያን ቀን ገልብጡ። የምትወዱትን ጽሑፍ ከፍታችሁ አንድ አንቀጽ በእጃችሁ ቅዱ። ነውር የለውም። ከዚህ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም መነኮሳት ለመቶዎች ዓመታት መጻሕፍትን በእጅ ሲገለብጡ ኖረዋል። የወሎ ሼሆችም በአማርኛ የገጠሙትን መንዙማ በዐረብኛ ፊደል ይጽፉት ነበር፣ አጀሚ እንለዋለን፤ ደረሳው፣ የሼሁ ተማሪ፣ እሱን እየቀዳ ነው ያወረሰን። ስትቀዱ ጸሐፊው የት እንዳቆመ፣ የት እንደቸኮለ እጃችሁ ያውቀዋል። ሲነበብ አይታይም።

6. ፊደሉን ለኋላ ተዉት

«ሀ» ነው «ሐ» ነው «ኀ»? በ«ሰ» ነው በ«ሠ»? ከዓመታት በኋላ የሚመለስ ሰው እዚህ ላይ እስክርቢቶውን አንጠልጥሎ ይቀራል። በመጀመሪያው ጽሑፍ በመጣላችሁ ጻፉ። ስታርሙ አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻው በዚያው ሂዱ፤ አንድን ቃል በአንድ ገጽ ላይ በሁለት ዓይነት ፊደል አትጻፉት። አራት ነጥብን ግን ከመጀመሪያው አትርሱ። ስታርሙ አራት ነጥብ የሌለበትን ረጅም ነገር መፍታት ልብ ያደክማል።

7. መጻፍ ካስቆማችሁ ሰው ጋር ተነጋገሩ

ይህ ደረጃ ለሁሉም አያስፈልግም። እኔ ግን ያስፈልገኝ ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ሆኜ ስለ ዝናብ አንድ ድርሰት ጻፍኩ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲጀምር ማንም ሰው ንግግሩን እንደሚያቋርጥ፣ ከዚያ ሁሉም ጮክ ብሎ ማውራት እንደሚጀምር። መምህሩ ደብተሬን ከፍ አድርጎ ይዞ «ከየት ገለበጥከው?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። ከራሴ ነው ማለት አቃተኝ። ከዚያ በኋላ ድርሰት ሲታዘዝ ስድስት መስመር ብቻ ጽፌ መስጠት ጀመርኩ። የጎረቤት ደብዳቤውንም ዓመት ሳይሞላ ለታናሽ ወንድሜ አስተላለፍኩ።

ከናንተም መሀል እንዲህ ያለ ድምፅ ያለበት ሰው አለ። አባት ይሆናል፣ «ይሄ እንጀራ አይሆንም» ያለ። ጓደኛ ይሆናል፣ ኦቶግራፉን ጮክ ብሎ ያነበበ። እስክርቢቶ ስታነሱ ድምፁ ይመጣል። እንዲህ አድርጉ። አንድ ቀን ለሱ ጻፉ፣ «ይድረስ» ብላችሁ። ምን እንደሆነ፣ ምን እንዳላችሁ፣ ምን ልትመልሱ ፈልጋችሁ እንደነበር። አትላኩት። እኔ አራት ገጽ ወጣኝ። ሦስተኛው ገጽ ላይ መምህሩ ያኔ ከ25 ዓመት የማይበልጥ ልጅ እንደነበር ትዝ አለኝ፣ ክፍሉም 80 ተማሪ ነበረው። አራተኛው ገጽ ስለ ዝናብ ሆነ።

8. ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ ከዚያ አርሙ

የጻፋችሁትን በዚያው ቀን አታርሙ። ሳምንት ይተኛ። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ በድምፅ አንብቡት። ትንፋሽ ያጠራችሁበት ቦታ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል። ምላሳችሁ የተደናቀፈበት ቦታ ቃሉ የናንተ አይደለም። ሳታስቡት ሌላ ቃል ብላችሁ ካነበባችሁት፣ ያነበባችሁት ነው ትክክሉ፣ እሱን ጻፉ።

ከዚያ የመጀመሪያውን አንቀጽ በጣታችሁ ሸፍናችሁ ከሁለተኛው ጀምራችሁ አንብቡ። ብዙ ጊዜ ጽሑፉ የሚጀምረው እዚያ ነው። የመጀመሪያው እጅ መታጠቢያ ነው፣ ማዕድ ላይ አይቀርብም።

ቀጥሎ ለአንድ ሰው አንብቡለት። ስጡትና ያንብብ አይደለም፣ እናንተ አንብቡለት። «እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሰው ይሉኝታ አለው፣ «አሪፍ ነው» ይላችኋል፣ እናንተም ምንም አታተርፉም። እነዚህን ጠይቁ፦ የትኛው ነገር ታየህ? የት ላይ ሐሳብህ ሌላ ቦታ ሄደ? ምን ቀረብህ? ባለቤቴ የባርኔጣዋን ጽሑፍ ስትሰማ «አባትህ ባርኔጣውን በየትኛው እጁ ነው የያዘው?» አለችኝ። አላስታወስኩም። ሁለት ቀን አሰብኩ። በግራው ነበር፣ ቀኙ እኔን ይዞ ነበር። ጽሑፉ ሙሉ የሆነው ያን ጊዜ ነው።

9. ስልክና ኮምፒውተር

ከወር በኋላ የወደዳችሁትን ወደ ስልክ ገልብጡ። በአንድሮይድ ስልክ የጉግል ኪቦርድ ላይ አማርኛን ከቋንቋ ዝርዝሩ ጨምሩ፣ ገንዘብ አያስከፍልም። እዚያው ላይ የማይክሮፎን ምልክቱን ነክታችሁ ስትናገሩ በአማርኛ ይጽፍላችኋል፤ ይሳሳታል፣ ግን ዓይናቸው ለደከመና እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ትልቅ እርዳታ ነው። እናታችሁ ወይም አያታችሁ የሚነግሯችሁን ደግሞ በድምፅ መቅጃ ያዙና በኋላ እናንተ ጻፉት።

ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት የምታስጽፉ ከሆነ አንድ ነገር አስታውሱ፦ «በዩኒኮድ ይጻፍልኝ» በሉ። በድሮው የፓወር ግዕዝ ፊደል የተጻፈ ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ኒያላ የሚባለው ፊደል ዩኒኮድ ነው።

10. አስቀምጡ፣ በሁለት ቦታ

የልጅነት ደብተሮቼ ዛሬ የሉም። እናቴ በካርቶን አድርጋ ከአልጋዋ ሥር ታስቀምጣቸው ነበር። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ሰዎችን ይዘን ወጣን፣ ወረቀት ማን ያስባል። ኅዳር አልቆ ስንመለስ ካርቶኑ አልነበረም። ከዚያ ካርቶን ውስጥ በልቤ የያዝኩት ሁለት ግጥምና የአንድ ደብዳቤ ግማሽ ነው።

እናንተ የልጅነት ደብተር ካላችሁ ዛሬ አውጡት። ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ አንሱት፤ በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ፣ ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ። ወደ ራሳችሁ ቴሌግራም ላኩት፣ ለአንድ ሌላ ሰውም ላኩ። አዲሱን ደብተርም በየወሩ እንዲሁ አድርጉ፣ 10 ደቂቃ አይፈጅም። የድሮው ከጠፋ ደግሞ የምታስታውሱትን መስመር ሁሉ የጎደለውን ሳትፈሩ ጻፉት። «ከዚህ በኋላ ረስቼዋለሁ» ብላችሁ ባዶ ቦታ ተዉ። አንዳንዱ ባዶ ቦታ ከወራት በኋላ ይሞላል።

11. አንዱን ላኩት

ደብተሩ ሲያልቅ አንድ ጽሑፍ ምረጡ፣ በንጹሕ ወረቀት በእጃችሁ ገልብጡ፣ ከላይ ስሙ ለተጻፈው ሰው ላኩት። ፎቶ አንስቶ መላክ ይቻላል፣ ወረቀቱ ራሱ ቢሄድ ግን ይሻላል። የሚሄድ ዘመድ አይጠፋም።

እኔ ለእህቴ የሹራቡን ላክሁ። ከዚያ ሌላ አንድ ላክሁ። የእነዚያ እናት ልጅ ከወታደር ቤት በሰላም ተመልሶ ነበር፣ አሁን ኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ አካባቢ ይኖራል፣ የልጅ ልጅ አይቷል። እናቱ አርፈዋል። ያስታወስኩትን ሁሉ፣ ቡናውን፣ ላሚቱን፣ ወደ ኋላ የሚሄደውን ልጅ፣ ሁለት ገጽ ላይ ጽፌ በሥራ መውጫዬ በእጄ ሰጠሁት። ማታ ደወለ። ብዙ አላወራም። «ጉንፋን ይዟት ነበር እንዴ?» አለኝ።

እዚያ መስመር ላይ እሳቸው ተወው ያሉኝን ጽፌው ኖሯል።